በመስኮታችን ፊት የነበረው ዛፍ

ሰው ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ መኖር የሚገባው ስለሚጠቅመው ነውን፥ ወይስ ባይጠቅመውም የሚገባ ነገር ስለ ሆነ? ይህን ጥያቄ ያነሣብን መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የኮሶ ዛፍ ነው።

ዛፉ በምንሠራበት ቢሮ መስኮት ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ ለብዙ ዓመት በጥላው ተጠቀምን እንጂ ስሙን የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ለመኪና ማቆሚያ ሲባል ሊቆረጥ በተቃረበበት ቀን ሽማግሌው ዘበኛ «ልጆቼ፥ ይህ እኮ ኮሶ ነው» ቢሉን አፈርን። አባቶቻችን አበባውን ለሆድ ትል ሲጠጡት ኖረዋል፤ እኛም «እንደ ኮሶ መረረኝ» ማለትን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ዛፉን ግን አላወቅነውም። (ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ ሲባል ከውጭ የገባ እንግዳ ሆኖ ሳለ ሁሉ በስሙ ይጠራዋል፤ አገር በቀሉ ነው ስም ያጣው።) ኮሶውም ተቆረጠ። የመቆረጡ ወረቀት በእጃችን ሲያልፍ መፈረማችንን መደበቅ አይገባንም።

ዛፍ ማየት ለጤና የሚበጅ ስለ መሆኑ ማስረጃ አለ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፥ በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 46 በሽተኞች መርምሯል። በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት 23ቱ፥ የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት 23ቱ ይልቅ ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ነገሩ ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ዛፍን እንደ ክኒን ብቻ የሚቈጥር ሰው፥ ሌላ ክኒን የተገኘለት እንደ ሆነ ዛፉን ከመቁረጥ ምን ያግደዋል?

ደግሞም ተፈጥሮ ዕረፍት ናት ማለት ለደመወዝተኛ ይቀልለዋል። አዝመራውን በረዶ የመታበት ገበሬ ቃላችንን ቢሰማ ይስቅብን ይሆናል፤ ቢስቅም አይፈረድበትም።

ሆኖም በጎንደርና በጎጃም ደጋ ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው፥ ዙሪያው እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር ወይራው፥ ጥዱና ዝግባው ቤተ ክርስቲያኑን ከብቦ ይታያል። ይህን ደን ያቆየው ማገዶ የሚቸግረው ያው ገበሬ ነው። ያቆየውም ለጤናዬ ይበጀኛል ብሎ ሳይሆን፥ የደብሩ ነው እንጂ የእኔ አይደለም ብሎ እጁን ስለ ሰበሰበ ነው። ጥላው፥ ጸጥታውና የወፉ ድምፅ ሳይፈልጋቸው ተጨመሩለት። እኛ የከተማ ሰዎች ግን ትርፉን አስቀድመን እንጠይቃለን፤ ስለዚህም ይመስለናል በእሑድ ሽርሽር ሄደን ደክመን የምንመለሰው።

ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድ፥ በመስከረም አደይ የፈነዳችበትን አጥር ቆሞ ማየት ይበቃል። መምህርም ተማሪዎቹን ሩቅ ሳይወስድ በትምህርት ቤቱ ግቢ ያሉትን ዛፎች ስም ቢያስጠይቃቸው መልካም ነው።

ዛሬ በዚያ መስኮት የምናየው መኪናዎችን ነው። ከአጥሩ ማዕዘን ግን አንድ ሌላ ዛፍ ቀርቷል። ዘበኛውን ብንጠይቃቸው «ብሳና ነው» አሉን።