ለሁሉም እኩል መስጠት ፍትሕ ነውን?

አክስቴ ወፍራም ናት። ይህን የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው። «ጻፈው ልጄ፣ ወፍረሻል ያለኝ ሁሉ ተመችቶሻል ማለቱ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። በእኛ አገር ውፍረት የጤና ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የመደላደል ምልክት ነበር።

የምትኖረው ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ነው። ባለፈው ዓመት የሐሞት ጠጠር አላስቀምጥ አላስተኛ ሲላት ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰድናት። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ፤ አልሐምዱሊላህ። በሳምንቱ ግን ቁስሉ አመረቀዘ። ከሦስት ሳምንት በላይ ለቁስል ማጠቢያ ስንመላለስ፣ አንድ ቀን ካርዷን ሳገላብጥ «ክብደት» የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የተሰጣት መከላከያ አንቲባዮቲክ ሴፋዞሊን 2 ግራም ነው። መገናኛ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ስትመዘን 124 ኪሎ ነበረች።

ይህ መድኃኒት የሚሰጠው የያዘ በሽታን ለማዳን ሳይሆን፣ ምላጩ ቆዳን ሲከፍት የሚገባውን ተሕዋስ ገና ሳይራባ ለመግደል ነው። ስለዚህ ሰውነት ከመከፈቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ቁስሉ ተሰፍቶ እስኪዘጋም በሚቆረጠው ሥጋ ውስጥ በበቂ መጠን መቆየት አለበት። ስብ ግን ደም የሚደርሰው በጥቂቱ ነው፤ ሴፋዞሊንም ከስብ ይልቅ ውኃ ይወዳል። ለቀጭኑ ሰው የሚበቃው መጠን በወፍራሙ ሰው ስብ ውስጥ ሳስቶ ሊገኝ ይችላል። አራት የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት በ2013 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት መመሪያ ለአዋቂ 2 ግራም፣ 120 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ 3 ግራም ይሰጥ ያሉት ከዚህ ተነስተው ነው።

ሐቁን ለመናገር፣ ሦስተኛው ግራም የቁስል ማመርቀዝን መቀነሱ ቁርጥ ብሎ አልተረጋገጠም፤ ልዩነት ያላገኙ ጥናቶች አሉ። ውፍረት በራሱም፣ ስኳር በሽታም ቁስልን ያመረቅዛሉ። አክስቴ በአንድ ግራም ጉድለት ተጎዳች ብዬ አልከስም። ተመዝና፣ ታስቦበት 2 ግራም ተወስኖላት ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት። እኔን የከነከነኝ ባዶው ቦታ ነው።

በሌላ ሆስፒታል ሰመመን የሚሰጥ ወዳጄን ጠየቅኩት። «ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የምንሰጠው፤ አድልዎ የለም» አለኝና ሳቀ። ቆይቶ ደግሞ «እናቴን የምታህል ሴት ስንት ኪሎ ነሽ ብዬ ልጠይቅ?» አለ። አንደኛው መልሱ እኩልነት፣ ሁለተኛው ይሉኝታ መሆኑ ነው። ሁለቱም መልካም ጠባዮች ናቸው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

እስቲ እኩልነቱን እንየው። ዘካተል ፊጥር ለጨቅላውም ለግዙፉም አንድ ሷዕ ነው። የሚቆጠረው ነፍስ ስለሆነ አዳላ የሚል የለም። የገንዘብ ዘካ ግን በሀብቱ ልክ ይወጣል። መድኃኒትስ ከየትኛው ወገን ነው? የሚሠራው በአካል ውስጥ ነውና አካሉ ሳይታይ በነፍስ ወከፍ ማደል እኩልነት ሊባል አይችልም። በእርግጥ እንደ ወፈረ ጨምርለት ማለትም ሌላ ስንፍና ነው። ጄንታማይሲን የተባለውን መድኃኒት በጠቅላላ ክብደት ብንሰፍርለት ኩላሊቱን ልንጎዳ እንችላለን፤ ስለዚህ ለወፍራም ሰው የሚሰላው በተስተካከለ ክብደት ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ስሌቱ የሚጀምረው ከሚዛን ነው።

ወደ ይሉኝታው ስንመጣ፣ ገርጂ ያለችው ልብስ ሰፊ የዒድ ቀሚስ ስትሰፋላት ወገቧን በሜትር ለክታለች፤ ማንም አልተቀየመም። ታዲያ ሐኪም ቤት ሲደርስ ጥያቄው ነውር የሚሆነው ለማን ብሎ ነው? እኔ እንደማየው የሚድነው የጠያቂው ፊት ነው። አክስቴን ስጠይቃት «ሚዛን ላይ ውጪ ቢሉኝ እወጣ ነበር። መገናኛ ላይ ሕዝብ እያየኝ ወጥቼ የለ?» አለችኝ። የማትወደው ከሚዛኑ በኋላ የሚመጣውን ግሣጼ ነው። እሱስ ቢሆን ለታመመ ሰው ያን ጊዜ ምን ይፈይድለታል?

ጉዳዩ የእሷ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ሴቶች 8ቱ ከሚገባው በላይ ክብደት ነበራቸው፤ በከተማ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል።

አሁን በተሰፋው ቦታ ሄርኒያ ወጥቶባታል፤ በመጪው ወር እንደገና ትገባለች። ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ መገናኛ ወስጄ አስመዘንኳት። 121 ሆናለች። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት አስጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታዋለች።