ዝርዝሩን ማን ጻፈው?

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የማውቀው ነጋዴ ለሊዝ ጨረታ የሚሆን ትንሽ ፕሮግራም እንድሠራለት ጠየቀኝ። በአዲስ አበባ የመሬት ጨረታ ተወዳዳሪው የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው፤ ለካሬ ባቀረበው ዋጋ ከ80፣ በቅድሚያ እከፍላለሁ ባለው መቶኛ ከ20። የቀደሙ ጨረታዎችን ውጤት ሰብስቤ አስገባሁ። ሰውየው ዋጋውን ሲጽፍ የማሸነፍ ዕድሉን ይነግረዋል፣ በቃ። ደስ የሚል ሥራ ነበር፣ አልዋሽም።

በሦስተኛው ሌሊት የአዲሱን ጨረታ ቦታዎች ሳስገባ አንዱን አወቅኩት። የሰፈራችን ሜዳ ነው።

ሜዳ ስላችሁ ሣር ያለው እንዳይመስላችሁ። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነው። ኳስ የተጫወትነው እዚያ ነው። ደመራ የሚለኮሰው እዚያ፣ የበዓል በግ የሚሸጠው እዚያ፣ አባቴ ሲሞት እድሩ ድንኳን የጣለው እዚያ። ሰነዱ ላይ ግን የቦታ ኮድ፣ ስፋት፣ የመነሻ ዋጋ፣ «አገልግሎት፦ ቅይጥ» ይላል። ሳቄ መጣ። ከዚህ በላይ ምን ቅይጥ አለ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ከተማው የሚሸጠው መሬቱን ሳይሆን ዓመታቱን ነው፤ ለመኖሪያ 99፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ 60። በ2007 መርካቶ ላይ ለአንድ ካሬ 305 ሺህ ብር ሲቀርብ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ «የማይሸጠው ይህን ካወጣ፣ ቢሸጥ ስንት ሊሆን ነው?» እያልን ቀልደናል።

ጨረታ የሀብታም ነው ብሎ መዝጋት ይቻላል። እኔ ግን ጨረታ ይሻለኛል። ሌላው መንገድ ምደባ ነው፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለእምነት ተቋም፣ ለኤምባሲ፣ ልዩ አገራዊ ፋይዳ አላቸው ለተባሉ ፕሮጀክቶች። እዚያ የሚወስነው ካቢኔው ነው። ጨረታ ላይ ቢያንስ ፖስታው ሰው ፊት ይከፈታል፣ ቁጥሩም ይታያል። «ለሰፈሩ የሚሰጠው ጥቅም፣ 15 ነጥብ» የሚል ሦስተኛ መስፈርት ልጨምር ብዬ አስቤ ነበር። ግን ያንን 15 ነጥብ የሚሞላው ማን ነው? በሳምንቱ የራሱ ዋጋ ይወጣለታል።

እንግዲህ አመዛዘኑ ትክክል ነው። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። የእኔ ኮድ የተሰጠውን ዝርዝር ይደረድራል እንጂ ዝርዝሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ሜዳው ለጨረታ ይውጣ የተባለ ቀን ፖስታ አልተከፈተም፣ ውጤት አልተለጠፈም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በንጽሕና ስለተካሄደ የመጀመሪያውም ንጹሕ መሰለን። ለእኔም መስሎኝ ነበር።

ከተማው ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ መንገድ የሚሠራው በዚሁ ነው። ምናልባት ሜዳው መውጣት ነበረበት ይሆናል፣ እሺ። ግን ባለቤቱ ሕዝብ ነው እያልን፣ ዋጋውን ከነጋዴ ጠይቀን «ይውጣ ወይ?» የሚለውን ከሠፈሩ ሰው ካልጠየቅን፣ ባለቤትነቱ ምኑ ላይ ነው? እድራችን ሲፒኦ አሠርቶ ይወዳደር ይሆን? በየወሩ ከሚዋጣው ብር? ቢችልስ፣ ሰው የራሱን ዕቃ ለማስቀረት ይጫረታል?

ለእናቴ ነገርኳት።

«ታዲያ አንተ ምን አደረግህ?»

«ፕሮግራሙን ጨርሼ ሰጠሁት።»

«በደንብ ይሠራል?»

«ይሠራል፣ እማዬ።»

ቡናዋን ቀዳች፤ ሌላ አልጠየቀችኝም።

ደንበኛዬ አላሸነፈም። በትንሽ ነጥብ ተበለጠ፤ ቢሆንም ሒሳቤን ሳያጓድል ከፈለኝ። ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ፣ እስካሁን ምንም አልተሠራበትም። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ሲያርፉ እድሩ ድንኳኑን አስፋልቱ ላይ ጣለ፤ ግማሽ መንገድ ዘግተን። ካስማ የሚመታበት አፈር ስላልነበረ ገመዱን በድንጋይ አሰርነው። እኔ አንዱን ምሰሶ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ታክሲዎቹ ክላክስ እያደረጉ በአጠገቤ ያልፋሉ።