የእርሻ ምኞትና የገበሬው ድካም

በጽሕፈት ቤት የሚውል ሰው ሁሉ በልቡ አንዲት ትንሽ እርሻ አለችው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። በፋይል ክምር መካከል ተቀምጦ፥ የባለ ጉዳይ ብዛት ሲያደክመው፥ ከኮረብታ ሥር ያለች ጎጆ፥ በደጇ የታሰረች አንዲት ላም፥ በጓሮዋም የበቀለ ጎመን ይታየዋል። ጡረታ የወጣ ወይም ጥቂት ገንዘብ የተጠራቀመለት እንደሆነ ወደዚያች ጎጆ ሊገባ ያስባል። እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝና ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። የምጠይቀው ግን ይህን ነው፤ አንዱ እንደ ሸክም ተሸክሞት የሚኖረውን ኑሮ ሌላው እንደ ዕረፍት አድርጎ ቢመኘው ምኞቱ ቅን ነውን?

ጥያቄው የዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ምዕት ዓመት የኖረው ሆራስ የተባለ የሮም ባለቅኔ በጻፈው አንድ ግጥም ውስጥ፥ ከከተማ ሁከት ርቆ የአባቱን መሬት በገዛ በሬዎቹ የሚያርሰውን ሰው እያመሰገነ ብዙ የሚናገር ሰው አለ። አንባቢው በነገሩ ልቡ ተነክቶ ወደ መጨረሻው ሲደርስ፥ ያ ተናጋሪ አልፊዩስ የሚባል አራጣ አበዳሪ ሆኖ ይገኛል። አልፊዩስ ገበሬ ሊሆን ቆርጦ ያበደረውን ገንዘብ በወሩ አጋማሽ ሰበሰበ፤ በሚመጣው ወር መባቻ ግን መልሶ ሊያበድረው ተበዳሪ ይፈልጋል። ይህን በትርጉም ባነበብሁ ጊዜ ብቻዬን ሣቅሁ፤ ሣቄ ግን ብዙ አልቆየም። ሆራስ ራሱም በሳቢን አገር እርሻ ነበረው፤ ጸጥታውንም ደጋግሞ አመስግኖታል። ነገር ግን እርሻውን የሚሠሩለት ባሮች ነበሩ፤ በሌላ ጽሑፉም ምላሱን ያልገታውን የከተማ ባሪያውን ዘጠነኛ ሠራተኛ አድርጎ ወደዚያው እርሻ እንዲሰደው ሲያስፈራራው እናገኘዋለን። ለጌታው የዕረፍት ስፍራ የሆነው ለባሪያው የቅጣት ስፍራ ነበረ ማለት ነው።

በኛም አገር ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከኢጣልያ ወረራ በኋላ በነበረው ዘመን ለአርበኛው፥ ለወታደሩና ለመንግሥት ሠራተኛው መሬት በጋሻ እየተለካ ይሰጥ ነበር፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ከተቀባዮቹም ብዙዎቹ በከተማ ሲኖሩ፥ ጭሰኛው አርሶ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ያገባላቸው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብ የሚይዘውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም ብሎ ደነገገ። ይህ ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለውን ክርክር ዐዋቂዎች ይከራከሩበት። ለኔ ግን አንድ ነገር ገልጦልኛል፤ እርሻ የሚመኝ ጸሐፊ ምድሪቱን ብቻዋን ሊያገኛት አይችልም፤ ከሚያርሳት ሰው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር አለበት።

እኔም የተነጋገርሁት በደብረ ብርሃን ነው። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ለሥራ ወደዚያ ተዛውሬ ሳለሁ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ እየሄድሁ በአካባቢው ያሉትን እርሻዎች መጎብኘት ልማድ አደረግሁ። አገሩ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ብርዳም ደጋ ነው፤ ገብስ፥ ስንዴና ባቄላ ይበቅልበታል። በጥቁሩ መሬት ላይ የክረምቱ ውኃ እንዳይተኛ ገበሬው በማረሻው ቦይ ያወጣል። በሬው አንድ ብቻ የሆነ እንደሆነ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል። እንጨት ስለማይበቃም ማሳውን ሊያዳብር የሚገባው ፍግ ኩበት ሆኖ በምድጃ ያልቃል። በመጀመሪያ ይህን ያላዋቂነት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ከገበሬው ቤት አንድ ሌሊት አድሬ ብርዱን ባየሁት ጊዜ ዐሳቤን ለወጥሁ። ከዚህ ሁሉ ጋር በማስታወሻ ደብተሬ የምሠራውን የጎጆዬን ንድፍ እሥል ነበር።

አንድ ቅዳሜ፥ ኅዳር 2010 ዓ.ም. ነው፥ በማለዳ ስደርስ ሜዳው ሁሉ አመዳይ ለብሶ በፀሐይ ያንጸባርቅ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ያየሁ አልመሰለኝም። ወዳጄ ያደረግኋቸው ሽማግሌ ገበሬ ከባቄላቸው ዳር ቆመው አገኘኋቸውና፥

«አባቴ፥ እንዴት ያምራል!» አልኋቸው።

«ያምራል ልጄ፤» አሉኝ ዐይናቸውን ከማሳው ሳያነሡ፤ «ለሚያልፍበት ያምራል።»

ፀሐይዋ ከፍ ስትል አመዳዩ ቀለጠ፤ የባቄላው ቅጠልም የፈላ ውኃ እንደ ፈሰሰበት ጎመን ጠቁሮ ወደቀ።

በመልሳቸው ብዙ ቀን ተቀየምሁ። ያየሁት ውበት ውሸት አልነበረምና። ቀስ በቀስ ግን ቅያሜዬ በሌላ ዐሳብ ተተካ። ያ ባቄላ ቢጠቁር ባይጠቁር፥ የኔ ደመወዝ በወሩ መጨረሻ መምጣቱ አይቀርም። እንግዲያውስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማሳው ላይ የማገኘው ያ ሰላም፥ ከማሳው የበቀለ ሳይሆን ከደመወዜ የመጣ፥ እኔው በኪሴ ይዤው የምሄድ ኖሯል። ሽማግሌው ከገዛ መሬታቸው ላይ የማያገኙትን እኔ እንግዳው የማገኘው ስለዚህ ነው። ጎጆዬን ሠርቼ ደመወዜን የተውሁ እንደሆነስ ያ ሰላም አብሮኝ ይገባ ይሆን? በንድፌ ላይ ላም ሥያለሁ፥ የውኃ ጉድጓድ ሥያለሁ፤ ስጋት ግን አልሣልሁም።

ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ብነግረው፥ «እንዲህ ከሆነ የተማረ ሰው መሬት አይንካ ልትል ነው» ብሎ ተቃወመኝ። ተምሮ ወደ ገጠር የሚገባ ሰው አዲስ ዘርና አዲስ ብልሃት ይዞ ሊገባ ይችላልና ነገሩ እውነት አለው። እኔም መሬት አይንካ አላልሁም። ነገር ግን መሸሸጊያውን ከተማ አስቀምጦ የሚያርስና ሌላ መሸሸጊያ የሌለው ሰው፥ በአንድ ማሳ ላይ ቢውሉም አንድ ሥራ የሚሠሩ አይመስለኝም።

በታኅሣሥ ገብሱ ታጭዶ ሲከመር፥ ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ሳለብኝ፥ አንድ ጥማድ መሬት እንዲያከራዩኝ ልለምናቸው ሄድሁ፤ ሩብ ሄክታር ያህል ነው። በመንገድ ላይ ለታናሹ ልጃቸው ነገርሁት። ቤት ገብተን ጠላ ከተቀዳልኝ በኋላ ግን ሽማግሌው ቀድመውኝ ልመናቸውን አቀረቡ። ልጁ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ተቀምጧል፤ ሁለቱ ታላላቆቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ለርሱም ዘበኝነትም ቢሆን የወር ደመወዝ ያለበት ሥራ ብፈልግለት ምን አለበት?

«አባቴ፥ ከዚህ ሰላም አውጥተው ወደ ከተማ ሊሰዱት ነው?»

«ሰላሙን ላንተ ልተውልህ፤ ደመወዝህን ለርሱ ስጠው፤» ብለው ሣቁ። ልጁ አልሣቀም። እኔም የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልናገር ተመለስሁ።

ማመልከቻውን ጻፍሁለት፤ ከከተማው በአንድ ድርጅት ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ደስ አለኝ፤ ከሥራዬም ሁሉ ውጤቱን በዐይኔ ያየሁት ይህን ብቻ ይመስለኛል።

ሰኔ ገብቶ ዝናሙ በጀመረ ጊዜ ሽማግሌው ከቢሮዬ ድረስ መጡ። ወንበር ሰጥቼ ሻይ አስመጣሁላቸው። ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ጥቂት ዝም አሉና፥

«በሬዎቹ ደኅና ናቸው፤ እርፍ የሚይዝ እጅ ነው የጠፋው። መሬት ትሻ እንደነበር ልጁ ነግሮኛል። ና እንግዲህ፥ በእኩል ያዘው፤» አሉኝ።

ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ነገር ከጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ቦታውን የለቀቀልኝም እኔው በጻፍሁት ማመልከቻ የወጣው ልጅ ነው። እሺ ለማለት አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። እምቢ ማለትም አልቻልሁም። ጥቂት እንዳስብበት ለመንኋቸው።

«እስከ መቼ?» አሉኝ።

«እስከ ቅዳሜ።»

በጣታቸው ቀኖቹን ቆጠሩ። «ቅዳሜ ይዘገያል፤» ብለው ሻዩን ጨልጠው፥ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ።