የማዕድ ፍቅርና የወንድም ደኅንነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ ልንማማርበት ያሰብነው ጉዳይ ከጓዳ የሚነሣ ነው። ከጓዳ ስለ ተነሣ ግን እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። ክርስቲያን ወንድሙን መውደዱ በሥራ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ ማዕድ ነውና።

በእኛ አገር ልማድ ፍቅር የሚገለጠው በማብላት ነው። እንግዳ ሲመጣ መሶቡ ይቀርባል፤ እጅ ይታጠባል፤ ጸሎት ይደረጋል፤ ከዚያም «በሞቴ» ይባላል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎም ሁለተኛው ይከተላል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ባሕል ነው፤ ሊጠበቅም ይገባዋል። ነገር ግን ይኸው በፍቅር የተሰጠ ጉርሻ ሕይወታቸውን ለአደጋ የሚያጋልጥባቸው ሕፃናትና ወጣቶች በመካከላችን አሉ። እነርሱም ሐኪሞች የምግብ አለርጂ የሚሉት ሕመም ያለባቸው ናቸው። እንግዲህ በእነርሱ ዘንድ ክርስቲያናዊ ግዴታችን ምንድር ነው? ይህን ለመመለስ አስቀድመን ሕመሙን፥ ቀጥለንም ሕመሙ ያለበትን ቤት እንመልከት።

ሕመሙ ምንድር ነው?

እግዚአብሔር ለሰውነታችን በሽታን የሚከላከል ኃይል ሰጥቶታል። ይህ ኃይል በደጅ እንደ ቆመ ዘበኛ ነው። በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ግን ዘበኛው ወዳጅን ከጠላት መለየት ይሳነውና፥ በወተት፥ በእንቁላል፥ በስንዴ ወይም በኦቾሎኒ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቈጥሮ ይነሣበታል። ያን ጊዜ ሰውነት ሂስታሚን የሚባለውንና ሌሎችንም ነገሮች ይለቃል፤ ቆዳ ያሳክካል፥ ሽፍታ ይወጣል፥ ከንፈርና የዓይን ቆብ ያብጣል፥ ሰውየውም ያስታውካል። ሲብስ ጉሮሮ ይጠባል፥ ትንፋሽ ያጥራል፥ የደም ግፊት ይወርዳል፥ በሽተኛው ራሱን ይስታል። ይህ የከፋው ዐይነት አናፊላክሲስ ይባላል።

አንዳንዶች ነገሩን «የዘመኑ ፈሊጥ» ወይም «የፈረንጅ በሽታ» ይሉታል። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. ፈረንሳውያኑ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ አናፊላክሲስ የሚለውን ስም አውጥተውለታል፤ ሪሼም በዚሁ ሥራው በ1913 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። አለርጂ የሚለውን ቃል ደግሞ በ1906 ዓ.ም. ያስገኘው የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ስም ከተሰጠው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይህን ሕመም ወተት ሲጠጣ ሆዱን ከሚነፋው ሰው ሕመም ጋር ማምታታት አይገባም። ያኛው ሰው የወተቱ ስኳር አልፈጭ ብሎት ይቸገራል እንጂ ሰውነቱ አይቆጣም። አለርጂ ላለበት ሰው ግን ጥቂቱም ብዙ ነው። በማማሰያ ጫፍ የቀረ ቅቤ፥ በሙቀጫ ሥር የቀረ የሰሊጥ ዱቄት ሊያሳምመው ይችላል። ቅቤው መነጠሩም ዋስትና አይሆንም፤ ከወተቱ ፕሮቲን ጥቂት ሊቀርበት ይችላልና።

ሕመሙን የሚያስነሡት ምግቦች ከእኛ ጓዳ የራቁ አይደሉም። የአውሮፓ ኅብረት በምግብ ማሸጊያ ላይ ተለይተው እንዲጻፉ ካዘዛቸው 14 የምግብ ዐይነቶች መካከል ሰሊጥ፥ ሰናፍጭና በጎጃም የምናውቀው ግብጦ ይገኙባቸዋል። በአሜሪካም ሰሊጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጥር 1 ቀን 2023 ዓ.ም. ጀምሮ 9ኛው ሆኖ እንዲጻፍ ታዟል። ኦቾሎኒ የማይስማማው አንዳንድ ሰው ግብጦም፥ አብሽም ላይስማማው ይችላል፤ ሁሉም የአንድ ወገን ተክሎች ናቸውና።

በእኛ ገበያ ግን ሽሮውም በርበሬውም አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። በላዩ የተጻፈ ነገር የለበትም። የበላተኛው መታመኛ የሻጩና የሠሪው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ እውነትን መናገር የሰውን ሕይወት መጠበቅ ይሆናል።

በአንድ ቤት ውስጥ

በአጥቢያችን ሦስት ልጆች ያሏቸው አንዲት እናት አሉ። መካከለኛዋ ልጃቸው የስምንት ዓመት ልጅ ስትሆን ወተት፥ እንቁላል፥ ኦቾሎኒና ሰሊጥ አይስማሟትም። እኚህ እናት ለልጃቸው ጤና ሲሉ በየዕለቱ የሚያደርጉትን ብንመለከት ከብዙ ስብከት የምንማረውን እንማራለን።

ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄዱት በማለዳ ነው፤ ሰሊጥ ወይም ሌላ እህል ያስፈጨ ሰው ሳይቀድማቸው። ከእህላቸውም መጀመሪያ የሚወጣውን ዱቄት ለብቻ ይቀበሉና ለሌላ ሥራ ያውሉታል። ለልጅቱ ድስት፥ ጭልፋና ማማሰያ ለይተዋል፤ ማማሰያው እንዳይሳሳት በእጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ልጃቸው እንጀራ የምትበላው ከቤታቸው ምጣድ ብቻ ነው፤ የሌላው ቤት ምጣድ በምን እንደ ታሰሰ አይታወቅምና።

ዶሮ ወጥ በሚሠራበት ቀን የሚያደርጉትን ልብ በሉ። ሽንኩርቱን፥ በርበሬውንና ዘይቱን ለሁሉም በአንድነት ያቁላላሉ፤ ዶሮውንም ጨምረው ያበስላሉ። ቅቤው ከመግባቱና የተቀቀለው እንቁላል ከመጨመሩ በፊት ግን የልጅቱን ድርሻ በንጹሕ ጭልፋ ወደ ትንሿ ድስት ይቀንሱላታል። እንዲህ በማድረጋቸው ልጅቱ ከወንድምና ከእኅቷ ጋር ያንኑ ቁሌት፥ ያንኑ ዶሮ ትበላለች። የተለየችው ከቅቤውና ከእንቁላሉ ነው እንጂ ከቤተሰቧ አይደለም። ፍቅር እንዲህ ባለ ጥበብ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ያለ ድካም የሚፈጸም አይምሰላችሁ። ታላቅ ወንድሟ «ሁልጊዜ ለእርሷ ብቻ!» ብሎ ያኮረፈበት ጊዜ ነበር። አሁን ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኦቾሎኒ በልቶ እንደ ሆነ እጁንና አፉን በሳሙና ታጥቦ ነው ታናሹን የሚያቅፋት። አያታቸውም «እኔ በእጄ የሠራሁት ልጄን ይጎዳታልን?» ብለው አዝነው ነበር፤ በኋላ ግን ነገሩ ሲገባቸው ከሁሉ ይልቅ ጠባቂ እርሳቸው ሆነዋል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ለብዙዎቻችን የሚከብደው ጾሙ፥ የሚቀልለው ፋሲካው ነው። ለዚህች ልጅ ግን የጾም ወራት ወተት፥ ቅቤና እንቁላል ከየቤቱ የሚርቅበት ስለ ሆነ ማዕዱ ይሰፋላታል። ያም ሆኖ የሰሊጥ ፍትፍት፥ የለውዝ ሻይና በዳቦ የሚቀባ የለውዝ ቅቤ የሚበዛውም በዚያው ወራት ነውና ጥንቃቄው አይቀርም። ሕዝቡ ሁሉ ደስ ብሎት በሚገድፍበት በትንሣኤ ዕለት ደግሞ በየሄደችበት ቤት የሚቀርበው ሁሉ ያስፈራታል። እኛ «እንኳን አደረሰሽ» ስንላት ያን ቀን ምን ትበላለች ብለን ያሰብን ስንቶቻችን ነን?

በአንድ የማኅበር ዕለት አንዲት ደግ ሴት ቅቤ የነካውን እንጀራ አጎረሷት። ወዲያው ከንፈሯ አበጠ፥ ማሳል ጀመረች። ከተሰበሰቡት አንዳንዶቹ «ዓይን በልቷት ነው» አሉ፤ ሌሎቹም ጭስ እንዲታጠንላት ፈለጉ። እናቲቱ ግን ሳይዘገዩ አንሥተው ወደ ሐኪም አደረሷት፤ በእግዚአብሔር ቸርነትም ዳነች። ያጎረሷት ሴት ክፋት አልነበረባቸውም። የጎደለው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ እርሷም «ይህ ይስማማሻል ወይ?» የምትለው ናት።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ፥ የሚበላው ምግብ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘለዓለም ሥጋ ከመብላት እንደሚከለከል ጽፏል። በእርግጥ ሐዋርያው በዚያ የተናገረው ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋና ስለ ደካማ ሕሊና ነው። ነገር ግን ለወንድሙ ሕሊና ይህን ያህል የተጠነቀቀ፥ ለወንድሙ እስትንፋስ እንዴት አብልጦ በተጠነቀቀ ነበር! በዚያው መልእክት ምዕራፍ 11 ላይም አንዱ ተርቦ ሌላው የሚጠግብበትን የቆሮንቶስ ሰዎች ማዕድ ነቅፎ፥ ሲሰበሰቡ እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ አዝዟቸዋል።

ይኸው ሐዋርያ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ስለ ሆዱ ሕመምና ስለ ድካሙ አስቦ የሚጠጣውን መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ለአንድ ወጣት ሆድ ማሰብ ከመንፈሳዊ አባትነት የሚያንስ ሥራ ሆኖ አልታየውም። በሲራክ መጽሐፍ ምዕራፍ 38 ደግሞ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን፥ ብልህ ሰውም መድኃኒትን እንደማይንቅ እንማራለን። ስለዚህ ጸበሉንና ጸሎቱን ከሐኪሙ ጋር አናጣላ።

ከሁሉ በላይ ግን ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ያደረገውን እናስተውል። በኢያሪኮ መንገድ ዓይነ ሥውሩ በርጤሜዎስ በጮኸ ጊዜ፥ ልብን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ሲሆን፥ ምን ሊያደርግለት እንደሚወድ አስቀድሞ ጠየቀው (ማር. 10፥51)። ሁሉን የሚያውቀው ጠይቆ ከሰጠ፥ ምንም የማናውቀው እኛ ሳንጠይቅ እንዴት እናጎርሳለን? የወንድማችንን አፍ ከመክፈታችን በፊት ቃሉን እንስማ። ሳይጠይቁ ማብላት ልማድ ነው፤ ጠይቆ ማብላት ግን ፍቅር ነው።

ከእኛ ከወጣቶች የሚጠበቅ

አንደኛ፤ ለበዓል፥ ለዝክርም ሆነ ለመንፈሳዊ ጉዞ ምግብ ስናዘጋጅ የማይስማማው ነገር ያለበት ሰው እንዳለ አስቀድመን እንጠይቅ። ካለም የእርሱን ከሌላው በፊት በንጹሕ ዕቃ እናውጣለት፤ ጭልፋም አናቀያይር።

ሁለተኛ፤ በወጡ ውስጥ ምን እንዳለ ስንጠየቅ እውነቱን እንናገር። ካላወቅን «አላውቅም» እንበል። «ትንሽ ነው፥ ምንም አይልህም» የሚለው ቃል ከአፋችን አይውጣ።

ሦስተኛ፤ ጸበል ጻዲቅ አልበላም ያለውን ልጅ «በረከት ትገፋለህ?» ብለን አናሳፍረው። በረከቱ በሰጪው በእግዚአብሔር እጅ ነው። ስለ ጾምና ስለ ቅዱስ ቍርባን የሚጨነቅ ካለም ምክሩን ከንስሐ አባቱ ይቀበል እንጂ ከእኛ አፍ ፍርድ አይስማ።

አራተኛ፤ ምልክቱን እንወቅ። ከበላ በኋላ ከንፈሩ ያበጠ፥ ድምፁ የጎረነነ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ብናይ ስለ ዓይንና ስለ ቡዳ ስንከራከር ጊዜ አናጥፋ። ሐኪም ያዘዘለት የአድሬናሊን መርፌ ካለው ሳይዘገይ ይሰጠው፤ ተሽሎት ቢታይም ወደ ሕክምና ይወሰድ፤ ሕመሙ ተመልሶ ሊነሣ ይችላልና።

ሕመሙ ላለባችሁ ወንድሞችና እኅቶችም የምንለው አለን። በይሉኝታ አትብሉ። ነቢዩ ዳንኤልና ጓደኞቹ ወጣቶች ሳሉ በባቢሎን ንጉሥ ቤት የተለየ ምግብ ለመኑ፤ 10 ቀንም ተፈተኑ፤ አላፈሩበትምም። የእነርሱ ምክንያት ሃይማኖት፥ የእናንተ ጤና ቢሆንም፥ በትሕትና «ይህ አይስማማኝም» ማለት ነውር አለመሆኑን ከእነርሱ ተማሩ። በሌላ በኩል ደግሞ ያለ ሐኪም ምርመራ በግምት ብቻ ከብዙ ምግብ አትራቁ፤ በተለይ የሚያድግ ሕፃን ያለ ምክንያት ምግብ ቢከለከል ይጎዳል።

ውድ ወገኖቼ፤ ማዕዳችን የተባረከ የሚሆነው ወጡ ስለ ጣፈጠ ብቻ ሳይሆን፥ በዙሪያው የተቀመጠው ሁሉ በሰላም ሲነሣ ነው። ከመካከላችን አንዱ እየፈራ የሚቀርብበት ማዕድ ገና ጎደሎ ነው። በመጪው ዝክራችን ወጥ የሚሠሩት እኅቶችና ወንድሞች አንዲት ትንሽ ድስት ለይተው ቢጥዱ፥ ያቺ ድስት ከትልቁ ድስት ያላነሰች መሥዋዕት ትሆናለች።

አምስቱን እንጀራ ባርኮ ሕዝቡን የመገበ አምላክ ማዕዳችንን ይባርክልን፤ የታመሙትን ይማርልን፤ እርስ በርሳችን የምንተሳሰብበትን ልቡና ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።