ሁለቱ ምርመራዎች

ሐኪም ልሁን ወይስ ፖሊስ ብሎ ለሚያመነታ ወጣት መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር፦ አንዱ ያድናል፣ ሌላው ያስራል፤ ከማሰር ደግሞ ማዳን ይበልጣል። ነገሩን ሳሰላስለው ግን ይህ ሚዛን አልጸናልኝም። አውራ ጎዳና ላይ ቆሞ ፈጣን መኪና የሚያስቆም ትራፊክ ፖሊስም ነፍስ ያድናል፤ የዳነው ሰው ግን መዳኑን ስለማያውቅ ለፖሊሱ የሚተርፈው ኩርፊያ ነው። ምስጋና የሌለውን ሥራ በዚህ ብቻ ዝቅ ማድረግ ፍርድ ማጓደል ይሆንብኛል።

ታዲያ ልዩነቱ በልብ ደግነት ላይ ይሆን? እዚህም ማስረጃው ተቃወመኝ። በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ኢግናትስ ሴመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ ሐኪሞች በሚያዋልዱበት ክፍል የሚሞቱት አራሶች አዋላጆች ከሚያዋልዱበት ክፍል ለምን እንደሚበዙ መረመረ። ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው እናቶችን ይዳስሱ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን እንዲታጠቡ ሲያደርግ፣ ከ100 እናቶች 18 ያህሉን ይገድል የነበረው የአራስ ትኩሳት በጥቂት ወራት የሚገድላቸው ወደ 2 ገደማ ወረዱ። ብዙዎቹ ባልደረቦቹ ግን አልተቀበሉትም። እነዚያ ሐኪሞች ጨካኞች አልነበሩም፤ እናቶቹን የጎዳቸው «እኛ አንሳሳትም» ማለታቸው ነው። ደግነት ራሱን ካልጠረጠረ እንደሚገድል ከዚህ ተረዳሁ።

ቋንቋችን ሁለቱንም ሥራ በአንድ ቃል መጥራቱ የገባኝ ያኔ ነው፦ ምርመራ። ሐኪሙም መርማሪ ፖሊሱም ከምልክት ተነስተው ይጠረጥራሉ፣ ያጣራሉ፣ ይጥላሉ ወይም ያጸናሉ። ሁለቱም የሚስቱት የመጀመሪያ ግምታቸውን ሲወዱ ነው። ልዩነቱ ያለው በተመርማሪው ላይ ነው። በሽተኛ ፈልጎ ይመጣል፤ ካልተመቸው ሌላ ሐኪም ጋ ይሄዳል። ተጠርጣሪ መርማሪውን አይመርጥም፣ ትቶትም አይሄድም። የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚያዝዘውና በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንዳይሆን የሚከለክለው፣ ማምለጫ በሌለው ሰው ላይ የሚሠራ ስህተት ከሌላው የከበደ ስለሆነ ይመስለኛል።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ሰው መጉዳት የሚፈራ ሁሉ ወደ ሕክምና ይሂድ» የሚል ይኖራል። እኔም ለጥቂት ጊዜ እዚያ ላይ አርፌ ነበር። ነገር ግን ለመጉዳት የሚፈሩት ሁሉ ነጭ ጋወን ቢለብሱ፣ የደንብ ልብሱ ለማን ይቀራል? መጉዳትን ለማይፈሩት ነው። ማምለጫ የሌለው ሰው የሚያስፈልገው መርማሪ ደግሞ እጁ ላይ ያለው ሥልጣን የሚያስፈራው፣ «ተሳስቼ ይሆን?» ብሎ መዝገቡን እንደገና የሚገልጥ ነው። ከፖሊስነት የሚያሸሸው ስሜት ለፖሊስነት የሚያበቃው ሆኖ አገኘሁት።

«አንድ ጥንቁቅ ሰው በአለቃ ትእዛዝ በሚሠራ ተቋም ውስጥ ምን ያመጣል? ይሰብሩታል እንጂ» ቢሉኝ፣ ስጋቱ እውነት ነው። ከትእዛዝ በፊት ሕግ፣ ከመርማሪው በላይ ዳኛ ከሌለ ብቻውን እንዲቆም ልፈርድበት አልችልም። ቢሆንም የተጠርጣሪውን ቃል ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ተቋሙ ሳይሆን የአንድ ሰው እጅ ነው፤ ያልተባለውን ያለመጻፍ ኃላፊነትም የዚያው እጅ ነው።

ስለዚህ ለሚያመነታው ወጣት የትኛው ሙያ ይከበራል የሚለውን ጥያቄ ትቼ ሌላ አቀርብለታለሁ፦ ስህተትህን ማን ፊት ማመን ይቻልሃል? ሊድን ወዳንተ የመጣው ሰው ፊት ከሆነ ሕክምና ይጠብቅሃል። ሳይወድ በእጅህ የገባ፣ ምናልባትም የምትጠላው ሰው ፊት «ያንተ ጥፋት አይደለም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብለህ በሩን መክፈት ከቻልክ ግን፣ ፖሊስ ጣቢያው ከሆስፒታሉ ይልቅ አንተን ይፈልጋል።