ስለ ማኅበር መዋጮና ስለ ባልንጀራ ክብር

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት፥ በምዕራፍ 13 ቍጥር 8፥ ከፍቅር ዕዳ በቀር ለማንም ዕዳ እንዳይኖርብን ያስተምረናል። ይህን ቃል አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ዕዳ ላለበት ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን ቃሉ ሁለት ወገን አለው፤ ያልከፈለው ሰው የገንዘብ ዕዳ ሲኖርበት፥ ገንዘቡን የሚጠይቀውም ሰው የፍቅር ዕዳ አለበት። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናገረው ይልቁን ስለ ሁለተኛው ዕዳ ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ ከተማ እጅግ ብዙ ሕዝብ በጋራ መኖሪያ ቤት፥ ይኸውም በኮንዶሚኒየም፥ ይኖራል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቍጥር 370 በ1995 ዓ. ም. ከወጣ ወዲህ የቤት ባለቤቶች ማኅበር እያቋቋሙ፥ ለጥበቃና ለጽዳት፥ ለደረጃ መብራትና ለውሃ መሳቢያ የሚያስፈልገውን ወጪ በኅብረት ይሸከማሉ። ይህም መልካም ነገር ነው። ሌሊት በብርድ ቆሞ የሚጠብቀን ዘበኛ ደመወዙን በወሩ መጨረሻ ማግኘት ይገባዋል፤ የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረት ወደ እግዚአብሔር የሚጮኽ በደል መሆኑን የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 5 ይመሰክራል። እንግዲህ አቅም ሳለው መዋጮውን የሚያዘገይ፥ በሌላው ገንዘብ በበራ መብራት ደረጃውን የሚወጣ ሰው፥ ይህን ጽሑፍ ለራሱ መሸሸጊያ አያድርገው።

ሆኖም በአንዳንድ ግቢ ክፉ ልማድ ገብቷል። መዋጮ የዘገየባቸው ሰዎች ስም፥ ከነወሩና ከነብሩ ተጽፎ፥ በግቢው በር ወይም በደረጃው ግድግዳ ይለጠፋል፤ ወይም በቴሌግራም ለጎረቤት ሁሉ ይላካል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የአባታቸውን ስም ያነቡታል፤ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድም ቆም ብሎ ያነበዋል። ገንዘብ ያዡን፥ ለምን እንዲህ አደረግህ ብትሉት፥ “ካላፈሩ አይከፍሉም” ይላችኋል።

ይህ አነጋገር ይመርመር። እፍረት የሚያስከፍለው ማንን ነው? ገንዘብ እያለው በቸልታ የዘገየውን ሰው ምናልባት ያስከፍለው ይሆናል። ዓይነ ደረቁ ግን ስሙን አንብቦ ስቆ ያልፋል። በእውነት የተቸገረውስ የሌለውን ከየት ያመጣል? ከጎረቤት ዓይን ይሸሻል፥ ከጠቅላላ ጉባኤው ይቀራል፥ ገንዘብ ያዡን በሩቅ ሲያይ መንገድ ይለውጣል። ችግሩን አስረድቶ በየጥቂቱ ሊከፍል ይችል የነበረው ሰው እንዲህ ሆኖ ጨርሶ ዝም ይላል።

አንዳንዱም፥ “እኛ የቤቱን ቍጥር እንጂ ስም አልጻፍንም” ይላል። ወዳጄ ሆይ፥ በአንድ ብሎክ ለሚኖሩ ሰዎች የቤት ቍጥር ከስም በምን ይለያል? እንዲያውም ሌላ በደል ይጨምራል። ባለቤቱ መዋጮውን እኔ እከፍላለሁ ብሎ ተዋውሎ፥ ቤቱን አከራይቶ በሌላ ሰፈር ይኖራል እንበል፤ በተለጠፈው ቍጥር የሚያፍረው ግን ኪራዩን በጊዜው የከፈለው ተከራይ ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 የአንዲት መበለት ታሪክ አለ። ባለ ዕዳ ነበረች፤ አበዳሪውም ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። ነቢዩ ኤልሳዕ በቤቷ ምን እንዳላት ጠየቃት፤ ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። ከጎረቤቶቿ ሁሉ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ አዘዛት፤ ከዚያም ከልጆቿ ጋር ገብታ በሩን ዘግታ ዘይቱን እንድትገለብጥ ነገራት። ዘይቱም በዛ፤ ሸጠችው፤ ዕዳዋንም ከፈለች። በሩ ስለ ምን እንደ ተዘጋ መጽሐፉ አይገልጽልንም። እኔ ግን ይህን ሳነብ ጎረቤቶቹን አስባለሁ፤ ማድጋቸውን አዋሷት፥ በተዘጋው በር ውስጥ ግን አልተመለከቱም። ነቢዩ ጎረቤትን ለርዳታ ጠራ እንጂ ለመታዘብ አልጠራም። እኛ ግን ማድጋውን ከልክለን በሩን እንከፍታለን።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ደግሞ፥ ያበደረ ሰው መያዣ ሊቀበል ሲሄድ ወደ ባልንጀራው ቤት እንዳይገባ፥ በውጭ እንዲቆም ታዟል፤ መያዣውን ባለ ዕዳው ራሱ ያወጣለታል። አበዳሪው መብት የለውም አልተባለም፤ መብቱ ግን በደጁ ላይ ይቆማል። የባልንጀራን ድህነት ከቤቱ አውጥቶ በአደባባይ የሚሰቅል ሰው ከዚያ ደጅ አልፎ ገብቷል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የቤተ መቅደስ ግብር ሰብሳቢዎች ስለ ጌታችን መዋጮ ጴጥሮስን ጠየቁት። ጌታም በቤት ውስጥ ለብቻው አነጋገረው፤ ልጆች ከግብር ነፃ መሆናቸውን አስረዳው፥ ነገር ግን እንዳናሰናክላቸው ብሎ ስለ ሁለቱ እንዲከፈል አደረገ። እንግዲህ መክፈልም፥ ነገሩን በቤት መጨረስም ከጌታ የተማርነው ነው።

“ለቤተ ክርስቲያን ንገር ተብሎ የለምን?” የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። በማቴዎስ ምዕራፍ 18 በእርግጥ ተነግሯል፤ ነገር ግን በሦስተኛው ደረጃ ነው። አስቀድሞ ብቻውን፥ ቀጥሎ በአንድ ወይም በሁለት ምስክር፥ አልሰማም ካለ ብቻ ለጉባኤው ይነገራል። ለጉባኤው ነው እንጂ፥ በበሩ ለሚያልፍ ሁሉ አይደለም። የማኅበር ሹሞችም ይህን ሥርዓት ቢከተሉ መልካም ነው፤ ለብቻው የተጻፈ ማስታወቂያ ታሽጎ ይሰጠው፥ ሁለት ሽማግሌዎች ያነጋግሩት፥ ችሎ እንቢ ካለ በሕግ ይጠየቅ።

በአማኞች ዘንድ ደግሞ የተሸፈነ ሐሜት አለ፤ “እከሌን በጸሎት አስቡት፥ የስድስት ወር መዋጮ አለበት” ይባላል። እግዚአብሔር የወሩን ብዛት ከእኛ መስማት አያስፈልገውም።

በጊዜው የሚከፍሉት አባሎች ግን እውነተኛ ጥያቄ አላቸው፤ ምሥጢር ተብሎ የሹሞች ወዳጆች እንዳይሸሸጉበት ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ያልተሰበሰበው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ፥ ስንት ቤት እንደ ዘገየ፥ በየጉባኤው ይነገር። ስሙን ግን ገንዘብ ያዡ፥ ሰብሳቢውና በጉባኤው የተመረጠ ሒሳብ መርማሪ ይወቁ፤ መርማሪውም የሹሞቹን የራሳቸውን መዋጮ አስቀድሞ ይመልከት። የአገራችን ሕግም ወደዚሁ ያዘነብላል። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ለሒሳብ የተሰጠን ስም ለማዋረጃ ማዋል አይገባም።

ዝርዝሩን አስቀድመህ የለጠፍህ ገንዘብ ያዥ ሆይ፥ ዛሬ ሳይመሽ አንሣው። “የእነ እከሌን ስም በመለጠፋችን ይቅርታ” የሚል ሌላ ወረቀት በስፍራው አትስቀል፤ ስማቸውን ሁለተኛ ማስነበብ ይሆናልና። በየቤታቸው ሂድ፥ በደጅ ቆመህ አንኳኳ፥ ከፈቀዱልህም ግባ። ይቅርታውን አስቀድመህ ጠይቅ፤ ስለ መዋጮው ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ።