እምነትና ቅጥራን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በጋ ሲገባ በቦንጋና በአካባቢው ቤተሰብ ስንቁንና ድንኳኑን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር መውረዱ መልካም ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌርነት የመዘገበው የካፋ ደን ከወላጆቻችንና ከታናናሾቻችን ጋር ተቀምጠን ፈጣሪን የምናመሰግንበት ስፍራ ነው። የዛሬው ነገራችን ግን ስለ ውሃው ነው። የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ነፍተን፣ በላዩ ተቀምጠን ከወራጁ ጋር ስንሄድ «እግዚአብሔር ይጠብቀናል» እንላለን፤ እምቢ ያለውንም «ፈሪ» እንለዋለን።

እግዚአብሔር መጠበቁ እውነት ነው። በውሃ መካከል ለሚያልፍ ሰው አምላክ አብሮት እንደሚሆን ነቢዩ ኢሳይያስ መስክሯል (ኢሳ. 43፥2)። ነገር ግን ጌታችን በመቅደስ ጫፍ በቆመ ጊዜ (ማቴ. 4፥5-7) መላእክት ጠባቂ መሆናቸውን አልካደም፤ በእነርሱ ተመክቶ ራስን መወርወርን ግን አምላክን መፈታተን መሆኑን አስተማረ። እንግዲህ መከራ ውሃ ውስጥ የጣለው ሰውና ለጨዋታ ራሱን የወረወረ ሰው አንድ አይደሉም።

ታዲያ እምነት በወንዝ ዳር ምን ይመስላል? በዘጸአት ምዕራፍ 2 የሙሴን እናት ዮካብድን እንመልከት። ሕፃኗን ለአምላክ አደራ የሰጠች እናት ናት። ሆኖም ሣጥኑን ዝፍትና ቅጥራን ቀባችው፤ ያኖረችውም በወራጁ መካከል ሳይሆን በዳር በቄጠማው ውስጥ ነው፤ እኅቱም ከሩቅ ቆማ ትጠባበቅ ነበር። ዕቃው፣ ቦታውና ጠባቂው ተሟልተዋል።

ዕቃው፦ ካላማዳሪያ ጀልባ አይደለም፤ እሾህ ይበሳዋል፣ ይገለበጣልም። ይልቅ በደረት ላይ የሚታሰር የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይበጃል። ሰውን ከካላማዳሪያው ጋር በገመድ ማሰር ግን ወጥመድ ነው፤ ገመዱ በግንድ ከተያዘ ወራጁ ሰውየውን ወደ ታች ይጫነዋል።

ቦታው፦ በደን ውስጥ በሚያልፍ ወንዝ የወደቀ ዛፍ አይጠፋም፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ሲያልፍ ሰው ተይዞ ይቀራል። ደግሞም በእኛ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ በላይኛው ተራራ የዘነበው ይደርስብናል። ውሃው ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ሲያመጣ፣ ድምፁም ሲለወጥ ፈጥኖ መውጣት ይገባል። የእኛ ጎጀብ የኦሞ ገባር ነው፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በደጋው ዝናብ ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ስለዚህ ድንኳን ጎርፍ ከደረሰበት ምልክት በላይ ይተከል።

ጠባቂው፦ የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ ትንፋሽ የለውምና። ስለዚህ ታናናሾቹ ሲዋኙ ከታላላቆቹ አንዱ ገመድ ይዞ በዳር ይቁም፤ ዓይኑንም ከውሃው አይንቀል።

በ1965 ዓ.ም. አሜሪካውያን ወጣቶች ኦሞን በላስቲክ ጀልባ ሲወርዱ ድርጅታቸውን በጥንታዊት ግብፅ የአዞ ጣዖት በሶቤክ ስም ሰየሙት። ይሁን እንጂ መሪያቸው ሥራውን በኮሎራዶ ወንዝ የለመደ ነበር። ጣዖት የጠሩት እንኳ ያለ ልምድ ካልወረዱ፣ ሕያው አምላክ ያለን እኛ የሰጠንን አእምሮ እንዴት እቤት ትተን እንወጣለን?

በቦንጋ አቅራቢያ ሕዝቡ «የእግዜር ድልድይ» የሚለው የተፈጥሮ የድንጋይ ድልድይ አለ። ያንን ፈጣሪ ራሱ ሠራው፤ ሌሎቹን እንድንሠራ ግን ለእኛ ጥበብ ሰጠን። እንግዲህ ጸልየን እንውረድ፤ ቅጥራናችንንም አንርሳ። ከዳር የቆመውንም ወንድማችንን «ፈሪ» አንበለው፤ የሙሴ እኅት ሥራ የእርሱ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።